ዶክተር ዦዜፍ ካፕግራ፦ የቅርብ ሰው ባዕድ ሲመስል

አንድ ታማሚ ባለቤቱን አይቶ መልኳ የእሷ ቢሆንም እሷ ግን አይደለችም፣ እሷን የምትመስል ሌላ ሴት ናት ሊል ይችላል። ይህ ሁኔታ ካፕግራ ሲንድረም ይባላል። ስሙ የተወሰደው ከፈረንሳዊው የአእምሮ ሐኪም ከዶክተር ዦዜፍ ካፕግራ ነው።

ሕይወታቸውና ሥራቸው

ዶክተር ካፕግራ እ.ኤ.አ. በ1873 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ቬርደን ሱር ጋሮን በምትባል ቦታ ተወለዱ። ሕክምናን በቱሉዝ ከተማ ተማሩ። ከዚያም የአእምሮ ሕክምናን መርጠው አብዛኛውን የሥራ ዘመናቸውን በፓሪስና በአካባቢዋ ባሉ ሆስፒታሎች አሳለፉ። እ.ኤ.አ. በ1909 ከዶክተር ፖል ሴሪዩ ጋር አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ በሌላው ነገር አስተሳሰባቸው የተስተካከለ ሆኖ ሳለ ለዕለታዊ ገጠመኞች የተሳሳተ ትርጉም ስለሚሰጡ ሕሙማን ነበር።

ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሳው ግን እ.ኤ.አ. በ1923 ከዶክተር ዣን ሬቡል ላሾ ጋር ባቀረቡት የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። ማዳም ኤም ብለው የጠሯት ይህች ሴት ከወለደቻቸው ልጆች አብዛኞቹ በሕፃንነታቸው ሞተውባታል። ልጆቿ እንደተሰረቁ ታምን ነበር። ባሏና በሕይወት የቀረችው ልጇም በሚመስሏቸው ሰዎች እንደተተኩ ትናገር ነበር።

ሐኪሞቹ ሴትዮዋ ፊት ማየትና መለየት እንደምትችል አስተዋሉ። የጎደላት የኔ ሰው ነው የሚለው ስሜት ነበር። ዶክተር ካፕግራ በቀጣዩ ዓመት ባሳተሙት ሌላ ጽሑፍ ምክንያቱን በአንዲት ታማሚ ውስጣዊ የቤተሰብ ስሜት ውስጥ ፈለጉት። እ.ኤ.አ. በ1950 አረፉ።

ዛሬ የሚታወቀው

ከእሳቸው በኋላ ሁኔታው የአንጎል ጉዳት ባለባቸው ሰዎች ላይም እንደሚታይ ታወቀ። ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት፣ አንጎል የምናውቀውን ፊት ሲያይ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው ፊቱ የማን እንደሆነ መለየት ነው። በዚህ ውስጥ በአንጎል የታችኛው ክፍል ያለ፣ ለፊት የተለየ ምላሽ የሚሰጥ ቦታ ይሳተፋል። ሁለተኛው የቅርበት ስሜትን መቀስቀስ ነው። የመጀመሪያው ሠርቶ ሁለተኛው ሲቋረጥ፣ ፊቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ሰውየው ባዕድ ይመስላል። አንጎልም ለዚህ ምክንያት ሲፈልግ፣ ሰው ተቀይሯል ወደሚል እምነት ሊደርስ ይችላል።

ፊትን ጨርሶ መለየት አለመቻል ግን ሌላ ችግር ነው፤ ፕሮሶፓግኖዝያ ይባላል።

ለቤተሰብ

ካፕግራ ሲንድረም በስኪዞፍሬንያ፣ በአልዛይመርና ሊዊ ቦዲ በሚባለው የመርሳት በሽታ፣ እንዲሁም ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ ሊከሰት ይችላል። ብዙውን ጊዜ ባዕድ የሚመስለው ታማሚው በጣም የሚቀርበው ሰው ነው። ስለዚህ የሚያስታምሙት ሰው አላውቅዎትም ቢልዎ፣ ከጥላቻ ወይም ከውለታ ቢስነት የመጣ አይደለም፤ ሕመሙ ነው።

• አይከራከሩ፤ መታወቂያ ወይም ፎቶ እያሳዩ ለማሳመን አይሞክሩ።
• ፍርሃቱን እንደተረዱለት በእርጋታ ይንገሩት።
• ወደ ክፍሉ ከመግባትዎ በፊት ከውጭ ሆነው ያናግሩት። አንዳንድ ታማሚዎች ፊቱን የሚጠራጠሩትን ሰው በድምፁ ያውቁታል።
• ከተቆጣ ጥቂት ራቅ ብለው ቆይተው ይመለሱ።

ሁኔታው በድንገት ከጀመረ፣ ትኩሳት ወይም ግራ መጋባት ካለ፣ ወይም ታማሚው ተተክቷል የሚለውን ሰው ለመጉዳት ከዛተ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ተቋም ይውሰዱት። ሕክምናው መነሻውን በሽታ መሠረት ያደርጋል፤ መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይስጡ፣ አያቋርጡም።