ፍሬዴሪክ ማኬይ እና የቡናማ ጥርሶች ምስጢር

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፥ የነገሩን ሥር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳይሰለች ፈልጎ በመጨረሻ ከውሃ ውስጥ ያገኘውን የአንድ የጥርስ ሐኪም ታሪክ ለአንባብያን በአጭሩ እናቀርባለን። ዘመኑ ሁሉ የተጻፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ፍሬዴሪክ ማኬይ በ1874 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ተወለደ። በ1900 ዓ.ም. በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ትምህርቱን ፈጽሞ፥ በሚከተለው ዓመት በኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከተማ ሥራውን ጀመረ። በዚያም የብዙ ሰዎች ጥርስ ቡናማ ሆኖ ቢያይ እጅግ ተደነቀ። ምክንያቱን ቢጠይቅ፥ አንዳንዱ የአሳማ ሥጋ ማብዛት ነው፥ ሌላው የወተቱ ጉድለት ነው ይለው ነበር እንጂ እውነቱን የሚያውቅ አልተገኘም። ብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቹም ለነገሩ ደንታ አልነበራቸውም።

እርሱ ግን ተስፋ አልቆረጠም። በ1909 ዓ.ም. ጂ. ቪ. ብላክ የተባለው ስመ ጥር የጥርስ ሊቅ ወደ ከተማዪቱ መጥቶ ይረዳው ጀመር። ሁለቱ አብረው ሲመረምሩ፥ ቡናማው ቀለም የሚይዘው በሕፃንነት ገና በመሠራት ላይ ያለውን ጥርስ ብቻ መሆኑን አወቁ። ከዚህም የበለጠ የሚያስገርመው፥ መልኩ የተበላሸው ጥርስ በቀላሉ የማይበላ መሆኑ ነበር። ብላክ በ1915 ዓ.ም. ቢሞትም ማኬይ ፍለጋውን ብቻውን ቀጠለ።

በ1923 ዓ.ም. በአይዳሆ ግዛት ወደምትገኘው ወደ ኦክሊ ከተማ ተጠራ። የልጆቹ ጥርስ መበላሸት የጀመረው ከአንድ ፍል ውሃ በቧንቧ ውሃ ከተሳበ በኋላ መሆኑን ወላጆች ነገሩት። ውሃውን እንዲተዉ መከራቸው፤ እነርሱም ምክሩን ሰምተው ምንጩን ለወጡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአዲስ የበቀለው የሕፃናት ጥርስ ንጹሕ ሆነ። ይሁን እንጂ በውሃው ውስጥ ያለው ነገር ምን እንደ ሆነ ገና አልታወቀም ነበር። በ1931 ዓ.ም. ቸርችል የተባለ የአሉሚኒየም ኩባንያ ኬሚስት፥ ይኸው ሕመም ከነበረበት ከቦክሳይት ከተማ የመጣውን ውሃ በረቀቀ መሣሪያ ቢመረምር ብዙ ፍሎራይድ አገኘ። ማኬይም ከሌሎች ከተሞች ውሃ ላከለትና ነገሩ ተረጋገጠ።

ከዚህ በኋላ ዶክቶር ዲን የተባለ የመንግሥት ሐኪም፥ በአንድ ሊትር ውሃ 1 ሚሊግራም ያህል ፍሎራይድ ቢኖር ጥርስን ሳያበላሽ እንደሚጠብቅ አሳየ። በ1945 ዓ.ም. የግራንድ ራፒድስ ከተማ ይህን መጠን በውሃዋ ላይ ጨመረች፤ ከዚያ ወዲያ የተወለዱት ልጆች የጥርስ መበላት ከ60 በመቶ በላይ ቀነሰ። ማኬይም ይህን ፍሬ አይቶ በ1959 ዓ.ም. ዐረፈ።

አሠራሩም እንዲህ ነው። በአፍ ውስጥ ያሉ ተሕዋስያን ስኳርን ወደ አሲድ ይለውጣሉ፤ አሲዱም የጥርስን ጠንካራ ልባስ ያሟሟል። ፍሎራይድ ግን የሟሟው ማዕድን ወደ ጥርስ እንዲመለስ ይረዳል፥ ልባሱንም ያጠነክራል።

ሆኖም መጠኑን ማወቅ ያስፈልጋል። በአገራችን በስምጥ ሸለቆ በብዙ ቦታ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት የልጆች ጥርስ ይበላሻል፤ እጅግ ሲበዛም አጥንትን ይጎዳል። የዓለም የጤና ድርጅት ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር እንዳያልፍ ይመክራል። ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች ተማሪዎች ሆይ፥ ያው አንድ ነገር በልክ ሲሆን መድኃኒት፥ ሲበዛ ጉዳት መሆኑን ለይተን ያወቅነው፥ ሌሎች ችላ ያሉትን ጥያቄ አንድ ትጉህ ሰው ስላልተወው መሆኑን አንርሳ።