ጥላ ሁሉ ጥቁር አይደለም፤ የሠዓሊት ቤርት ሞሪዞ ሕይወት

ሥዕል ስንማር ጥላ ከተባለ ብዙዎቻችን የምናውቀው ከሰል አንስቶ ማጥቆር ነው። ጥላም ቀለም እንዳለው ካሳዩት ሠዓሊዎች አንዷ ፈረንሳዊቷ ቤርት ሞሪዞ ነች። ዛሬ ሕይወቷን በአጭሩ እናቀርባለን። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ቤርት በ1841 ቡርዥ ከተማ ከከፍተኛ ባለሥልጣን ቤተሰብ ተወለደች። በዚያን ጊዜ የፓሪሱ የመንግሥት ሥዕል ትምህርት ቤት ሴት አይቀበልም ነበር። በሩን የከፈተው በ1897 ነው፤ ያኔ እሷ ከሞተች 2 ዓመት አልፏታል። ስለዚህ ከእኅቷ ከኤድማ ጋር በግል ተማረች፤ ሉቭር ሙዚየም እየሄዱ የጥንት ሥዕሎችን ገለበጡ፤ ሠዓሊው ኮሮም ከቤት ወጥተው ሜዳ ላይ መሣልን አለማመዳቸው። ኤድማ በ1869 ስታገባ ሙያውን ተወችው። ቤርት ግን አልተወችም።

በ1868 ከዝነኛው ሠዓሊ ከኤድዋር ማኔ ጋር ተዋወቀች። ማኔ በ1872 የሣላት ምስል ዛሬም የታወቀ ነው። ጥቁር ለብሳለች፤ ብርሃኑ ከአንድ ወገን ስለሚመጣ ግማሽ ፊቷ ሲበራ ግማሹ ጥላ ውስጥ ቀርቷል። አረንጓዴ የነበረውን ዓይኗን ሳይቀር ጥቁር አድርጎታል። ሥዕሉ ያምራል፤ ይሁን እንጂ ማኔ ያያት ቤርት ነች።

የራሷ መንገድ ሌላ ነበር። በ1874 ከሞኔ፣ ከደጋና ከሬኗር ጋር በመጀመሪያው የኢምፕሬሽኒስቶች ኤግዚቢሽን ሥዕሎቿን አቀረበች። በዚያው ዓመት የማኔን ወንድም ዩዤንን አገባች። ከ8ቱ ኤግዚቢሽኖች የቀረችው ከ1879ኙ ብቻ ነው፤ ልጇን ዡሊን የወለደችው በ1878 መጨረሻ ነበርና።

ነጭ ልብስ ስትሥል ጥላውን በሰማያዊ፣ በሐምራዊና በግራጫ ታወጣዋለች። ጥላ ያረፈበት ነጭ ነገር የሰማዩንና የአጠገቡን ቀለም ይቀበላልና። ካላመናችሁ ጠዋት የተሰጣ ነጠላ ተመልከቱ! ብርሃን ደሞ ቆሞ ስለማይጠብቅ ብሩሿ ፈጣን ነበር። ተቺዎች ግን ሥዕሉን ሳትጨርስ ተወችው እያሉ ነቀፏት።

በ1885፣ በ44 ዓመቷ፣ ራሷን ሣለች። ሥዕሉ ንድፍ ይመስላል፤ ሸራው በየቦታው ሳይቀባ ቀርቷል። ጸጉሯ ሸብቷል። ጥላው ፈጣን የቡናማና የግራጫ ጭረት ነው። ቀለም መደባለቂያ ገበታዋን ይዛ ቀጥ ብላ ታየናለች። ራሷን ያየችው እንደ ሠራተኛ ነው።

በ1895 በሳንባ ምች ሞተች፤ ዡሊ ገና 16 ዓመቷ ነበር። መቶዎች የሚቆጠሩ ሥዕሎች ትታለች። በሞት ምስክር ወረቀቷ ላይ ግን ሙያ የላትም ተብሎ ተመዘገበ።

እንግዲህ እኛም ነገ መዝገብ የምንይዝ አስተማሪዎች ነን። አንዲት ተማሪ ደብተሯ ጠርዝ ላይ ሥዕል ሞነጫጭራ ብናገኛት፣ ከመቆጣታችን በፊት ሥዕሉን እንየው።