ሰር ሐምፍሪ ዴቪና የቆዳ አልፊዎች ጉድጓድ

ለቦት ጫማ ሶል የሚሆን ወፍራም ቆዳ በዕፅዋት ታኒን በሚገባ መልፋቱን ለማረጋገጥ የሚደረገው ምርመራ ቀላል ነው። ከቆዳው ጠርዝ ጥቂት ተቆርጦ የተቆረጠው ገጽ ይታያል። ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ቡናማ ቀለም ከያዘ ቆዳው ለፍቷል፤ መካከሉ ላይ ነጣ ያለ መስመር ከታየ ግን ውስጡ ገና ጥሬ ነው ማለት ነው። ይህ ጽሑፍ የተነሣው እንዲህ ካለ ነጭ መስመር ነው።

ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ በተመደብኩበት የቆዳ ፋብሪካ ሳምንታት የሚፈጀውን ሥራ በጥቂት ቀናት ለመጨረስ አስቤ ጥሬው ቆዳ ከመጀመሪያው ዕለት አንሥቶ ብርቱ በሆነ የታኒን ውሃ ውስጥ እንዲነከር አዘዝኩ። በሥራው ላይ ብዙ ዓመት የቆዩ አንድ አዛውንት ሠራተኛ፣ ቆዳ እንደ ሕፃን ቀስ በቀስ ካልተለማመደ የሰጡትን እንደማይቀበል ነገሩኝ። እኔ ግን ስሌቴን አምኜ ምክራቸውን ወደ ጎን ተውኩት። ውጤቱም ከላይ የጠነከረና የተጨማደደ፣ መካከሉ ጥሬ የሆነ፣ ሲታጠፍም የሚሰነጠቅ ቆዳ ሆነ። አዛውንቱ አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገሩም፤ ከተበላሸው ቆዳ አንድ ቁራጭ ቆርጠው በጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠውልኝ ሄዱ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ የእንግሊዛዊውን ኬሚስት የሰር ሐምፍሪ ዴቪን የሕይወት ታሪክ ሳነብ፣ አዛውንቱ የነገሩኝን እውነት ይህ ሳይንቲስት ገና በ1803 በምርምር ደርሶበት እንደነበር ተረዳሁ። የማኅበራችን መጽሔት አዘጋጆች ለዘንድሮው እትም ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜም የእርሱን ሕይወት የመረጥኩት ስለዚህ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልኝ እጠይቃለሁ።

ሐምፍሪ ዴቪ በዲሴምበር 17 ቀን 1778 በእንግሊዝ አገር ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ በኮርንዎል አውራጃ፣ ፔንዛንስ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። አባቱ እንጨት ጠራቢ ነበር። በ1794 አባቱ በሞት ሲለይ ቤተሰቡ ችግር ላይ ስለወደቀ፣ ወጣቱ ዴቪ በሚቀጥለው ዓመት የቀዶ ሕክምናና የመድኃኒት ቅመማ ባለሙያ ከነበረ ሰው ዘንድ በተለማማጅነት ገባ። የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ አልረገጠም፤ ኬሚስትሪን የተማረው በአብዛኛው መጻሕፍት በማንበብና በገዛ እጁ በመሞከር ነበር። በ1798 ወደ ብሪስቶል ሄዶ ቶማስ ቤዶስ የተባለው ሐኪም ጋዞችን ለሕክምና ለማዋል ባቋቋመው ተቋም ሥራ ጀመረ። በዚያም ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ በራሱ ላይ ጭምር እየሞከረ አጠና። በ1800 ባሳተመው መጽሐፍ ይህ ጋዝ የቀዶ ሕክምናን ሥቃይ ለማስታገሥ ሊያገለግል እንደሚችል አመለከተ፤ ይሁን እንጂ ሐሳቡን በሥራ ላይ የሚያውል ሰው እስኪገኝ ከአርባ ዓመት በላይ አለፈ።

በ1801 ዴቪ በለንደን ወደሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን ተዛወረ። ይህ ተቋም በ1799 የተመሠረተው የሳይንስ ዕውቀት ለዕለታዊ ኑሮና ለእጅ ሙያ እንዲጠቅም ለማድረግ ነበር። ኃላፊዎቹም ለሃያ ሁለት ዓመቱ ወጣት ከሰጡት የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ቆዳ ስለማልፋት ኬሚስትሪ ተከታታይ ትምህርት እንዲያዘጋጅ ነበር። ትምህርቱ በኖቬምበር እንዲጀመር ሲወስኑ፣ ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ያሉትን ሦስት ወራት ከመደበኛ ሥራው ነጻ ሆኖ የቆዳ አልፊዎችን የእጅ ሥራ እንዲማርበት ፈቀዱለት። ለአንድ ወጣት ሳይንቲስት ከማስተማሩ በፊት እንዲማር ሦስት ወር መስጠት የተቋሙን አስተዋይነት ያሳያል።

ጉዳዩ በዚያን ጊዜ ከባድ የኢኮኖሚ ጥያቄ ነበር። የከብት ቆዳ በኖራ ተነክሮ ጸጉሩ ከተራገፈ በኋላ፣ ከተፈጨ የኦክ ዛፍ ቅርፊት ጋር በጉድጓድ ውስጥ እየተነባበረ ለሶል የሚሆነው ወፍራሙ ዓይነት አንድ ዓመት፣ አንድ ዓመት ከመንፈቅ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆይ ነበር። በዚህ ሁሉ ጊዜ ገንዘብ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ይከርማል። በሌላ በኩል በአብዮቱ ጦርነት ላይ የነበረችው ፈረንሳይ ለወታደሮቿ ጫማ በብዛት ያስፈልጋት ስለነበር፣ አርማን ሴጋን የተባለው ኬሚስት ብርቱ የታኒን ውሃ በመጠቀም የወራቱን ሥራ በጥቂት ሳምንታት የሚጨርስ ዘዴ በ1795 አቅርቦ ነበር። ታኒን ከጄላቲን ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ዝቃጭ እንደሚፈጥር በማሳየትም የዘመኑን ኬሚስቶች መንገድ ከፍቷል። እንግሊዞችም ይህ ፈጣን ዘዴ እውነት ይጠቅም እንደሆነ ማወቅ ፈለጉ።

ዴቪ ከመጻሕፍት ይልቅ ወደ ጉድጓዶቹ ሄደ። ከቅርብ ወዳጆቹ መካከል በሰመርሴት አውራጃ በኔዘር ስቶዊ የሚኖረው ቶማስ ፑልና በለንደን አቅራቢያ በብሬንትፎርድ የነበረው ሳሙኤል ፐርኪስ የቆዳ ማልፋት ባለሙያዎች ነበሩ። በቤተ ሙከራው ደግሞ ልዩ ልዩ ቅርፊቶችን እየዘፈዘፈ በጄላቲን አማካይነት የታኒናቸውን መጠን መዘነ። የምርምሩንም ውጤት በፌብሩዋሪ 1803 ለሮያል ሶሳይቲ አቀረበ።

ከግኝቶቹ ሦስቱን ልጥቀስ። አንደኛ፣ የቅርፊት ታኒን በይበልጥ የሚገኘው ከግንዱ ጋር በተጣበቀው ነጭ የውስጥ ሽፋን መሆኑንና በጸደይ ወራት የተላጠ ቅርፊት በክረምት ከተላጠው የበለጠ ታኒን እንደሚይዝ አረጋገጠ። ሁለተኛ፣ ሰር ጆሴፍ ባንክስ ባቀረቡት ሐሳብ ከሕንድ የመጣውን ካቴኩ የተባለ ደረቅ ጭማቂ መርምሮ፣ አንድ ፓውንድ ካቴኩ ከሰባት እስከ ስምንት ፓውንድ የኦክ ቅርፊት እንደሚተካ አገኘ። ካቴኩ የሚወጣው እኛ ግራር ከምንለው የዛፍ ወገን ነው። ሦስተኛውና ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ስለ ጊዜ የደረሰበት ውጤት ነው። በደካማ የቅርፊት ውሃ ቀስ ብሎ የለፋ ቆዳ፣ በብርቱ ውሃ ፈጥኖ ከለፋው ይልቅ ለስላሳም ጠንካራም ሆኖ አገኘው። ለዚህም ምክንያት ያደረገው በዝግታ ጊዜ ቆዳው ከታኒኑ ሌላ በቅርፊቱ ውስጥ ያሉትን ተጨማሪ ነገሮች የሚስብ መሆኑን ነው።

ዛሬ ነገሩን በተሻለ ሁኔታ ማስረዳት እንችላለን። ቆዳ ኮላጅን በሚባል ፕሮቲን ክሮች የተሠራ ነው፤ ታኒን ከእነዚህ ክሮች ጋር እየተያያዘ እንዳይበሰብሱ ያደርጋቸዋል። ብርቱ ውሃ ገና ሲነካው የላይኛውን ክር ወዲያው አጥብቆ ስለሚይዝ ለሚከተለው ታኒን መግቢያውን ይዘጋል። ደካማ ውሃ ግን ሳይቸኩል ወደ መካከል ይዘልቃል፤ ከዚያ በኋላ ብርታቱ ደረጃ በደረጃ ቢጨመር አይጎዳም። የእኔ ነጭ መስመር ምሥጢሩ ይኸው ነበር።

ዴቪ በዚህ ምርምር መደምደሚያ ላይ ለወጣት ሊቅ ቀላል ያልሆነ ነገር አደረገ። ቆዳ አልፊዎች በልምድ ብቻ ተመርተው የደረሱበት ደረጃ፣ በጊዜው የነበረው የኬሚስትሪ ንድፈ ሐሳብ ብዙ ሊያሻሽለው የማይችል ከፍተኛ ደረጃ መሆኑን በግልጽ መሰከረ። አዲስ ዘዴ እንዲያመጣ የተላከ ሰው አሮጌው ዘዴ ትክክል መሆኑን ተናግሮ ተመለሰ፤ ለምን ትክክል እንደሆነም አስረዳ። በ1803 መጨረሻ የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ፤ በ1805ም የኮፕሊ ሜዳሊያ ተሸለመ።

ከዚያ በኋላ ዝናው እንደ ጎርፍ መጣ። በ1807 በኤሌክትሪክ ኃይል ፖታሲየምንና ሶዲየምን፣ በ1808 ካልሲየምን፣ ማግኒዚየምን፣ ባሪየምንና ስትሮንሺየምን ለይቶ አወጣ። በ1810 ክሎሪን ራሱን የቻለ ንጥረ ነገር መሆኑን አስታወቀ፤ በ1812 የሰርነት ማዕረግ ተቀበለ። በ1813 ማይክል ፋራዴይ የተባለ የአንጥረኛ ልጅ፣ በሙያው መጽሐፍ ጠራዥ የነበረ ወጣት፣ በረዳትነት እንዲቀጠር አደረገ።

በ1812 በሰሜን እንግሊዝ በፌሊንግ የከሰል ማዕድን በደረሰ ፍንዳታ 92 ሰዎች አለቁ። ዴቪ በ1815 ስለዚሁ አደጋ ተጠይቆ፣ እሳቱ በጥሩ የሽቦ ወንፊት የተከበበ ፋኖስ ሠራ፤ ወንፊቱ ሙቀቱን ስለሚበትን የውስጡ ነበልባል የውጭውን ጋዝ አያቀጣጥልም። ሀብት ሊያስገኝለት ይችል የነበረውን የፈጠራ መብት አልጠየቀም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያስመሰግነዋል። ነገር ግን በዚያው ዓመት ጆርጅ ስቲቨንሰን የተባለ በኪሊንግዎርዝ ማዕድን የሚሠራ መካኒክ ለብቻው ሌላ የደኅንነት ፋኖስ ሠርቶ ነበር። ዴቪ ይህ ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው በራሱ አእምሮ ለዚህ በቃ ብሎ ማመን አቃተው፤ ሐሳቡን እንደሰረቀው አድርጎ ቆጠረው። በ1824ም የገዛ ረዳቱ ፋራዴይ የሮያል ሶሳይቲ አባል እንዳይሆን ተቃወመ፤ ተቃውሞው ግን አልሠራም።

በ1801 ከቆዳ አልፊ ለመማር ያላፈረው ወጣት፣ በ1815 ከመካኒክ ጋር ክብር መካፈል የከበደው ለምንድን ነው? እርሱ ራሱም እንደ ስቲቨንሰን የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ያልረገጠ፣ የእንጨት ጠራቢ ልጅ ነበር። ማዕረግና ሙገሳ ቀስ በቀስ ጆሮውን የደፈኑት ይመስለኛል። ይህን የምለው ታላቁን ሰው ለማሳነስ ሳይሆን፣ ይህ በሽታ እንኳን ለዴቪ ለእኛም በዲፕሎማችን በኩል ስለሚመጣ ነው።

በ1823 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የመርከቦቹን የመዳብ ሽፋን ከዝገት እንዲያድን ጠየቀው። ዴቪ ጥቂት ዚንክ ወይም ብረት ከመዳቡ ጋር በማያያዝ ዝገቱን አስቆመ። ሆኖም መዳቡ መሟሟቱን ሲያቆም መርዝነቱም ስለቀረ፣ የባሕር አረምና ዛጎል ለባሽ እንስሳት በመርከቦቹ ሆድ ላይ ተጣብቆ ጉዟቸውን አዘገየ፤ ዘዴውም ተተወ። መሠረተ ሐሳቡ ግን ትክክል ስለነበር ዛሬ መርከቦችና የነዳጅ ቧንቧዎች በዚሁ መንገድ ከዝገት ይጠበቃሉ። ከ1820 እስከ 1827 የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት የነበረው ዴቪ ጤናው ተቃውሶ በሜይ 29 ቀን 1829 በጄኔቫ ከተማ በ50 ዓመቱ ዐረፈ፤ የተቀበረውም በዚያው ነው።

የቆዳው ታሪክ ግን ከእርሱ ሞት በኋላም ቀጠለ። በ1824 የተመሠረተውና ዴቪ ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረበት አቴናዩም የተባለ የለንደን ክበብ መጻሕፍት፣ የቆዳ ጥራዛቸው እየተፈረፈረ ስላስቸገረ በ1843 ፋራዴይ እንዲመረምር ተጠየቀ። እርሱም ጥፋቱ ከመብራት ጋዝ ከሚወጣው የድኝ ጭስ መሆኑን ደረሰበት። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ካቴኩ የሚመደብበት የታኒን ወገን በእንዲህ ያለው አሲድ በቀላሉ እንደሚጎዳ አሳዩ። ዴቪ የካቴኩን ብርታት በሚዛን አውቆታል፤ እርጅናውን ግን ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ የመቶ ዓመት ምስክርነት በቤተ ሙከራ አይገኝምና።

ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ አብዛኛው የጫማ ቆዳ የሚለፋው በክሮሚየም ጨው ነው። ሥራው በአንድ ቀን ገደማ ያልቃል፤ ቆዳውም የፈላ ውሃ ይችላል። በዕፅዋት የለፋ ቆዳ ግን ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይኮማተራል፤ ስለዚህ የራሰ ቦት ጫማ እሳት ዳር አይደርቅም። ነገር ግን ሲያረጅ ይጠቁራል፤ ቅባት እየጠጣ ይለሰልሳል፤ የባለቤቱንም እግር ቅርጽ ይይዛል። ከዚህ ዓይነት ሁሉ ትዕግሥትን የሚፈትነው የፈረስ ቆዳ ነው። በፈረስ ዳሌ ላይ ክሮቹ እጅግ የተጠቀጠቁበት አንድ ንጣፍ አለ፤ ስሙን ከስፔኗ ኮርዶባ ከተማ ያገኘው ኮርዶቫን የሚሠራው ከዚሁ ነው። ጥቅጥቅ በመሆኑ ቦት ጫማው ሲታጠፍ በቀጭን መጨማደድ ፋንታ ሰፊ ሞገድ ይሠራል። ይህን ቆዳ በቺካጎ የሚሠሩት ባለሙያዎች ዛሬም ቢያንስ ስድስት ወር ይጠብቃሉ። ዴቪ ቢያያቸው አይደነቅም ነበር።

አዛውንቱ የሰጡኝ ቁራጭ ቆዳ ዛሬም በመሳቢያዬ ውስጥ አለ። ዳርና ዳሩ ጠቁሯል፤ መካከሉ ያለው መስመር ግን እንደ ቀንድ ደርቆ ይታያል። አዲስ የተመረቁ መሐንዲሶች ወደ ክፍላችን በመጡ ቁጥር ቁራጩን አሳያቸዋለሁ። ከዚያም ስለ ሥራው እንዲጠይቁ ወደ ጉድጓዶቹ፣ ወደ ሠራተኞቹ ዘንድ እልካቸዋለሁ።