ሐኪሙና የኤሌክትሪኩ ቢላዋ

ዶክተር ሃርቪ ኩሺንግ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1869 በአሜሪካ፣ በክሊቭላንድ ከተማ፣ ከሐኪሞች ቤተሰብ ተወለዱ። በዘመናቸው የራስ ቅል ከፍቶ እጢ ማውጣት ከሞት ጋር እንደ መተናነቅ ይቆጠር ነበር። በተለይ በመስማት ነርቭ አጠገብ የሚያድገው እጢ ጆሮን አደንቁሮ፣ ሚዛንን አሳጥቶ፣ በመጨረሻም አንጎልን ተጭኖ ይገድላል። በሁለቱም ጆሮ በኩል ሲወጣ ምንጩ ከወላጅ ሊወረስ የሚችል የዘር እክል ነው፤ ዘረ መሉም በ1993 ተለይቷል።

ኩሺንግ የእጢውን ቅርፊት ትተው ውስጡን በመጥረግ የሟቾችን ቁጥር እጅግ ቀነሱ፤ ዘዴያቸውንም በ1917 በመጽሐፍ አሳተሙ። ዳሩ ግን የደም መፍሰስ እጃቸውን ያስረው ነበር። በ1926 የባዮፊዚክስ ሊቁ ዊልያም ቦቪ የሠሩትን፣ በፈጣን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ሥጋ የሚቆርጥና ደም የሚያቆም መሣሪያ ይዘው፣ ቀድሞ የማይሞከር ብለው የተዉአቸውን ሕሙማን መልሰው ጠሩ። በ1939 ዐረፉ።

ሕይወታቸው ለእኛ ለመሐንዲሶች ዕዳ ጥሎ አልፏል። ከሲሪንቃ ተነሥቶ በመርሳና በደሴ በኩል አዲስ አበባ ለሚደርስ ሕመምተኛ ከሐኪሙ እጅ ሌላ የማይቋረጥ ኃይልና በወቅቱ የሚጠገን መሣሪያ ያሻዋል።