ኤድዋርድ ሩፔልና ባለ ሁለት መቀነቱ ዓሣ

በዘንድሮው መጽሔታችን የሕይወት ታሪኩን በአጭሩ ላቀርብላችሁ የምወደው ሰው ኤድዋርድ ሩፔል ይባላል። በቦኬ ማሽላ መካከል ያደገ ተማሪ ስለ ባሕር ተመራማሪ ለመጻፍ ምን አነሣሣው ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው።

አምና በክረምት ዕረፍት ጅቡቲ ወደሚኖረው አጎቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። አጎቴ በቤቱ አንድ ትልቅ የመስተዋት ገንዳ የባሕር ውሃ ሞልቶ፣ ሁለት ነጭ መቀነት የታጠቁ ክላውንፊሽ የሚባሉ ዓሦችን ጥንድ ያኖር ነበር። የእነዚህ ዓሦች መጠጊያ አኔሞን ነው። አኔሞን አበባ ይምሰል እንጂ ክንዶቹ የሚናደፉ እንስሳ ነው፤ ክላውንፊሽ ግን በገላው ላይ ያለው ልጋግ ስለሚጠብቀው በክንዶቹ መካከል ያለ ሥጋት ይኖራል። አጎቴ አኔሞኑን እኔ እንድመርጥ ፈቀደልኝ። እኔም ከሻጩ ዘንድ ካየኋቸው ሁሉ እንደ ወተት የነጣውን፣ ውበቱ ማርኮኝ፣ መረጥሁ። በአምስተኛው ቀን አኔሞኑ ሞቶ ውሃውን በከለው፤ በማግሥቱም ከጥንዶቹ አንዱ ዓሣ ሞቶ ተገኘ። አጎቴ አልተቆጣኝም፤ ዝምታው ግን ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ። ጥፋቴን ለማወቅ ማንበብ ስጀምር ከዓሣው ስም ጎን የሩፔልን ስም አገኘሁ።

ሩፔል በ1794 ዓ.ም. በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ለንግድ ታስቦ ያደገ ቢሆንም በ1817 ወደ ግብፅ ከሄደ በኋላ ልቡ ወደ ተፈጥሮ ጥናት አዘነበለ። በጣሊያን አገር ትምህርቱን ተከታትሎ እንደገና ወደ ምሥራቅ ተጓዘ፤ እስከ 1827 ድረስም በኑብያ፣ በሲናና በቀይ ባሕር ዳርቻ እየተዘዋወረ እንስሳትን ሰበሰበ። ሥራው የዋዛ አልነበረም፤ ለዚሁ ተግባር መጥቶ የነበረው የአገሩ ሰው ሄምፕሪሽ በ1825 ምፅዋ ላይ ታሞ ሞቷል።

ሩፔል ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ሌውካርት ከተባለ ሊቅ ጋር በ1828 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አንድ የቀይ ባሕር አኔሞን ባለ አራት ቀለም ተብሎ በላቲን ተሰየመ። በ1830 ደግሞ ሩፔል ያንን የአጎቴን ዓይነት ዓሣ ባለ ሁለት መቀነት ብሎ ሰየመው።

በ1831 እንደገና ተነሥቶ በምፅዋ በኩል ወደ አገራችን ገባ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ስለ ነበረ መንገዱ ሁሉ ሥጋት የሞላበት ነበር። እርሱ ግን የስሜንን ተራሮች አይቶ በ1832 ጎንደር ደረሰ። ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን በሳይንስ ስማቸው ለዓለም ያስተዋወቀ እርሱ ነው፤ ለዋልያና ለጭላዳ የአገራችንን መጠሪያ ከላቲኑ ጋር አዛመደላቸው። የሰበሰባቸውን እንስሳት ለፍራንክፈርቱ ሴንከንበርግ ሙዚየም አበረከተ፤ የግዕዝ የብራና መጻሕፍትንም ይዞ ሄዷል። በ1839 የሎንዶን ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር ሸለመው። በ1884 በ90 ዓመቱ አረፈ።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ይህ ነው፦ ባለ አራት ቀለሙ አኔሞን ባለ ሁለት መቀነቱ ዓሣ ከሚኖርባቸው አንዱ ነው። ሁለቱም ከአንድ ባሕር ወጥተው በየመጽሐፉ ለየብቻቸው ስም ተሰጣቸው፤ የዓሣና የአኔሞን አብሮ መኖር በሰፊው የታወቀው ግን ኮሊንግውድ የተባለው እንግሊዛዊ በ1868 ስለ ቻይና ባሕር ከጻፈ በኋላ ነው። ስምን ማወቅ ኑሮን ማወቅ አይደለም ማለት ነው። የእኔም ስሕተት ይኸው ነበር፤ መልኩን አየሁ እንጂ ኑሮውን አልጠየቅሁም።

ጤናማ አኔሞን ብዙውን ጊዜ ቡናማነት አለው፤ ይኸውም በሰውነቱ ውስጥ የሚኖሩ ደቃቃ አልጌዎች ከብርሃን ምግብ ስለሚያዘጋጁለት ነው። የነጣው አልጌዎቹን ያጣና የተራበ ነው። መራጭ እግሩ ድንጋይ አጥብቆ መያዙን፣ አፉ አለመከፈቱን፣ ክንዶቹም ሲነኳቸው መጣበቃቸውን ያያል። ገንዳው ቢያንስ ስድስት ወር የቆየና ብርቱ ብርሃን ያለው መሆን ይገባዋል። ክላውንፊሽ በገንዳ ውስጥ ያለ አኔሞንም መኖር ስለሚችል መቸኮል አያስፈልግም።

ይህን ሁሉ በደብዳቤ ጽፌ ለአጎቴ ላክሁለት። እርሱም ወራት ታግሦ ቡናማውን ባለ አራት ቀለም ገዛ። የቀረው ዓሣ ሁለት ቀን ዙሪያውን ሲዞር ቆይቶ በሦስተኛው ቀን በክንዶቹ መካከል ገብቶ ማደሩን አጎቴ በስልክ ነገረኝ። ለሚመጣው ክረምትም እንድመጣ ጠራኝ። ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፣ ማንኛውንም ሕያው ፍጥረት ከቤቱ ከማውጣታችን በፊት ቤቱ ምን እንደሚመስል እንጠይቅ።