ሩፈይዳ አል-አስለሚያ (ረ.ዐ)፦ በነብዩ መስጂድ የቁስለኞች አስታማሚ

ነርስነት ሲነሳ የብዙዎቻችን ሐሳብ ቶሎ የሚሄደው እ.ኤ.አ በ1854 በክራይሚያ ጦርነት ቁስለኛ ወታደሮችን ወዳስታመመችው ፍሎረንስ ናይቲንጌል ነው። ከእርሷ ከ1,200 ዓመታት በፊት በመዲና፣ በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ውስጥ፣ በድንኳኗ ቁስለኞችን የምታክም ሰሃቢያ እንደነበረች ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ይህች ሴት ከበኑ አስለም ጎሳ የሆነችው ሩፈይዳ (ረ.ዐ) ናት። ኢብኑ ኢስሐቅ ስለ እርሷ ያቆየልን ጥቂት ቢሆንም ክብደት አለው። ቁስለኞችን ታክም ነበር፤ ከሙስሊሞች መካከል ችግር ላይ የወደቀውን ለማገልገልም ከአላህ ምንዳን ፈልጋ ራሷን ሰጥታለች።

በዚያ ዘመን የነርስ ትምህርት ቤት አልነበረም። ሰሃቢያት ግን ሙያውን በተግባር ያውቁት ነበር። በኡሑድ ዕለት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፊታቸው ላይ ሲቆስሉ ፋጢማ (ረ.ዐ) ደሙን አጠበች፤ ዐሊይ (ረ.ዐ) ደግሞ በጋሻው ውሃ ያፈስላት ነበር። ውሃው ደሙን እንዳባሰው ባየች ጊዜ የሰሌን ቁራጭ አቃጥላ አመዱን በቁስሉ ላይ አደረገችበትና ደሙ ቆመ። ኡሙ ዐጢያ (ረ.ዐ) በ7 ዘመቻዎች ተሳትፋ ምግብ አብስላለች፣ ቁስለኛ አክማለች፣ በሽተኛ አስታማለች። ማጠብ፣ ደም ማቆም፣ ውሃ ማጠጣት፣ አጠገብ ሆኖ መጠበቅ፤ ዛሬም የነርስነት መሠረት ይኸው ነው።

የሩፈይዳ ስም ጎልቶ የሚነሳው በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ 627) በተደረገው የኸንደቅ ዘመቻ ነው። የአውስ ጎሳ መሪ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ) ክንዱ ላይ በቀስት ተመትቶ ትልቁ የደም ሥሩ ተቆረጠ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰዕድን በቅርብ ሆነው መጠየቅ ስለፈለጉ መስጂዱ ውስጥ በሩፈይዳ ድንኳን እንዲያርፍ አዘዙ። ደሙን ለማቆም ቁስሉን በእጃቸው በእሳት ተኮሱት፤ እጁ ሲያብጥም ደግመው ተኮሱት። ጠዋትና ማታ በድንኳኑ ሲያልፉ እንዴት አደርክ፣ እንዴት አመሸህ እያሉ ይጠይቁት ነበር።

በኑ ቁረይዟ ላይ ፍርድ እንዲሰጥ በተጠራ ጊዜ ወገኖቹ በአህያ ላይ የቆዳ ትራስ አመቻችተው ከድንኳኑ ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ሌሊት ቁስሉ ፈነዳ። በመስጂዱ ውስጥ በሌላ ድንኳን የነበሩት የበኑ ጊፋር ሰዎች የነቁት ደሙ ወደ እነርሱ ሲፈስ አይተው ነው። ሰዕድ በዚያው ወደ አኺራ ሄደ።

እኛም ቆም ብለን ልናስብበት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የሩፈይዳ ስም ከማንም በላይ የተያያዘው ካልዳነው ታካሚዋ ጋር ነው። ሽፋእ የአላህ ነው። ከአስታማሚ የሚጠበቀው ንጽህና፣ ትዕግሥት፣ ንቁ ዓይንና ከሕመምተኛው አለመራቅ ነው። ድንኳኑ መስጂድ ውስጥ መሆኑም የታመመን መንከባከብ ከሶላት ጎን ቦታ የተሰጠው ሥራ መሆኑን ያሳየናል።

ኢብኑ ሰዕድ ደግሞ በመስጂዱ ድንኳን ሰዕድን ያከመችው ኩዐይባ ቢንት ሰዕድ አል-አስለሚያ እንደሆነች ጽፏል። ኩዐይባ ወደ ኸይበር ዘምታ ከምርኮው እንደ አንድ ወንድ ድርሻ ተሰጥቷታል። ሁለቱ ስሞች የአንዲት ሴት ናቸው የሚሉ ዑለሞችም አሉ።

ዛሬ በባህሬን የሚገኘው የአየርላንድ ሮያል የቀዶ ሕክምና ኮሌጅ በታካሚ እንክብካቤ ብልጫ ላሳየ የነርስ ተማሪ በሩፈይዳ ስም ሽልማት ይሰጣል። እኛ ዘንድ ግን ልጃችን ነርስነት ልማር ስትል ዝቅ ያለ ሙያ አድርገን የምናይ አንጠፋም። እናት ወይም አባት አልጋ ላይ ሲወድቁም ዚያራ መጥተን ዱዓ አድርገን እንወጣለን፤ ማጠቡ፣ ማገላበጡ፣ ሌሊት መንቃቱ ለአንዲት እህት ይተዋል። ጀርባ እንዳይቆስል ሕመምተኛን ማገላበጥ፣ እጅን ታጥቦ ቁስል መንካት፣ መድኃኒትን በሰዓቱ መስጠት ወንድም ሴትም ሊማረው የሚችል ነው። በኒያ ከተሠራም ኢባዳ ነው።

አላህ ሩፈይዳን ይውደድላት፤ በየሆስፒታሉና በየቤቱ ሌሊቱን ለሚያነጉ አስታማሚዎችም ምንዳቸውን ያብዛላቸው። አሚን።