ኮዳክን የፈጠረው ጆርጅ ኢስትማን

 አሮጌ ካሜራ የሚሰበስቡ ሰዎች ሲገናኙ ጨዋታቸው ዞሮ ዞሮ ከጆርጅ ኢስትማን ላይ ማረፉ አይቀርም። እኛም ምክንያቱ ምን ይሆን ብለን ታሪኩን ተከተልነው። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢስትማን በ1854 በአሜሪካ፣ በኒውዮርክ ግዛት፣ ዋተርቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ሰባት ዓመት ሆኖት ሳለ አባቱ ሞተ። እናቱ ማሪያ ሮቸስተር ከተማ ውስጥ በቤቷ ተከራይ እያሳደረች ሦስት ልጆቿን ለማሳደግ ትታገል ነበር። ከሁለቱ እኅቶቹ አንዷ ደግሞ በፖሊዮ የተጎዳች ነበረች። ልጁ 14 ዓመት ሲሆነው ትምህርቱን አቋርጦ በሳምንት 3 ዶላር በአንድ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ሆነ። በ1874 ባንክ ተቀጠረ፤ ውሎ አድሮም ደሞዙ በሳምንት 15 ዶላር ደረሰ። ለእንዲህ ያለ ቤተሰብ ይኸ ደሞዝ እንዲሁ በቀላሉ የሚጣል አለመሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።

በ1877 ኢስትማን ወደ ሳንቶ ዶሚንጎ ለመጓዝ አሰበ። አንድ የሥራ ባልደረባው የሚያየውን በፎቶግራፍ ቢያስቀር መልካም እንደሆነ መከረውና የፎቶግራፍ ዕቃ ገዛ። ዕቃ ሲባል ታዲያ ኪስ የሚገባ ነገር አይደለም! ትልቅ ካሜራ፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ፣ ድንኳን፣ መስታወት፣ የኬሚካል ጠርሙስና የውሃ መያዣ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ፎቶ አንሺው ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ መስታወቱን በኬሚካል ይቀባል፤ ገና እርጥብ ሳለ ወደ ካሜራው ያስገባል፤ ሳይደርቅም ወዲያው ማጠብ አለበት። ኢስትማን ይህን ለመማር ብቻ 5 ዶላር ከፍሏል። ጉዞው ሳይሆን ቀረ፤ ሸክሙ ግን ከሐሳቡ አልወጣም።

በዚያው ጊዜ በእንግሊዝ አገር በጀላቲን ተቀብቶ አስቀድሞ የሚዘጋጅ ደረቅ መስታወት መሠራት መጀመሩን ከመጽሔት አነበበ። ጀላቲን ከከብት አጥንትና ቆዳ የሚወጣ ሙጫ መሰል ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ኢስትማን ቀን ባንክ እየዋለ ሌሊት በእናቱ ማድ ቤት ኬሚካል ያማስል ጀመር። ድካም ሲጥለው እዚያው ምድጃው አጠገብ ይተኛ ነበር ይባላል። በ1879 መስታወት የሚቀባ መሣሪያ ሠርቶ በእንግሊዝ አገር የባለቤትነት መብት አወጣ። በ1880 ሮቸስተር ውስጥ አንድ ፎቅ ተከራይቶ መስታወቱን እያመረተ ይሸጥ ጀመር። በ1881 ሄንሪ ስትሮንግ የሚባል ባለገንዘብ ሸሪክ ሲያገኝ ያንን የባንክ ሥራ ለቀቀ።

በዓመቱ ጉድ ፈላ። ነጋዴዎቹ ዘንድ የተቀመጠው መስታወት ብርሃን አልቀበል አለ። ኢስትማን የተሸጠውን ሰብስቦ በሌላ ለመተካት ወሰነ፤ በዚህም ኩባንያው ሊራቆት ደረሰ። ሙከራ በሙከራ ላይ ቢደራርብም የብልሽቱ ምክንያት አልገኝ ስላለው ከሸሪኩ ጋር እንግሊዝ አገር ድረስ ሄዶ የሚሠራ ቀመር ገዝቶ ተመለሰ። ጥፋቱ የጀላቲኑ ነበር። አንዱ ጀላቲን ከሌላው ለምን እንደሚሻል የታወቀው ግን ዘግይቶ በ1920ዎቹ ነው። የኮዳክ ተመራማሪዎች ሲመረምሩት ለካ ከብቶቹ ከሚበሉት ሰናፍጭና መሰል ተክል የሚመጣ ጥቂት የድኝ ቅመም ኖሮ ነው ጀላቲኑን ለብርሃን ንቁ የሚያደርገው! ኬሚስትሪ ለምታስተምሩ ሁሉ ይህቺ ምሳሌ ትያዝልን።

ኢስትማን መስታወቱንም ትቶ ወደ ጥቅል ፊልም ዞረ። በ1888 ኮዳክ የተባለውን ካሜራ አወጣ። ስሙ በየትኛውም ቋንቋ ትርጉም የሌለው፣ እርሱ የሚወዳት «ኬ» የተባለችው የላቲን ፊደል መነሻና መድረሻ የሆነችበት የፈጠራ ቃል ነው። ካሜራው ትንሽ ሣጥን ሲሆን 100 ፎቶ የሚያነሣ ጥቅል በውስጡ ይዟል። ገመዷን መሳብ፣ ቁልፉን መጫን፣ ፊልሙን ማዞር፤ በቃ። መቶው ሲያልቅ ባለቤቱ ካሜራውን እንዳለ ከ10 ዶላር ጋር ወደ ሮቸስተር ይልካል፤ ፎቶው ታትሞ ካሜራውም እንደገና ጎርሶ ይመለስለታል። ፎቶዎቹ ክብ ስለሆኑ ሰብሳቢዎች ሲያዩአቸው ወዲያው ይለዩአቸዋል። ነገር ግን ዋጋው 25 ዶላር ነበር፤ ኢስትማን በባንክ ከሚያገኘው የሳምንት ደሞዝ ይበልጣል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሳንጠቅስ የማናልፈው ሰው አለ። ሐኒባል ጉድዊን የተባለ በኒውጀርሲ የሚኖር ቄስ ለሰንበት ትምህርት ልጆች የሚያሳየው የማይሰበር ሥዕል ፈልጎ ብርሃን አሳላፊ ፊልም ሠራና በ1887 ለፈጠራው መብት አመለከተ። መብቱን ያገኘው ከ11 ዓመት በኋላ በ1898 ነው። በመካከሉ የኢስትማን ኬሚስት ሄንሪ ራይከንባክ ተመሳሳይ ፊልም ሠርቶ በ1889 መብት ስላገኘ ኩባንያው በዚሁ በለጸገ። ጉድዊን በ1900 ሞተ። ክርክሩን የቀጠለው መብቱን የገዛው አንስኮ የተባለ ኩባንያ ሲሆን ፍርድ ቤቱም ለአንስኮ ፈረደ። በ1914 ኮዳክ 5 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። እኛ እንደሚመስለን የኢስትማን ስም በተነሣ ቁጥር የዚህ ሰው ስምም አብሮ መነሣት ይገባዋል።

በ1900 ብራውኒ የምትባለው ካሜራ ወጣች። ከካርቶን የተሠራች፣ በተለይ ለልጆች የታሰበች፣ ዋጋዋ 1 ዶላር ብቻ፤ ፊልሙ ደግሞ 15 ሳንቲም! በመጀመሪያው ዓመት ከ100,000 በላይ ተሸጠች። ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ ፎቶ ማንሣት የልጅም ጨዋታ የሆነው።

ኢስትማን ሚስት አላገባም፤ ገንዘቡን ግን በብዙ በትኗል። ለማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሚስተር ስሚዝ በሚል የሐሰት ስም በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ሰጥቷል። በ1924 ከረዳቸው መካከል ሃምፕተንና ተስኪጊ ይገኛሉ። እነዚህ እንደኛ መምህራን ያሠለጥኑ የነበሩ የጥቁር አሜሪካውያን ትምህርት ቤቶች ናቸው።

በመጨረሻ ዘመኑ የጀርባ አጥንት በሽታ ጠናበት፤ መቆምም መራመድም አቃተው። በ1932፣ በ77 ዓመቱ፣ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። መኖሪያ ቤቱ በ1949 የፎቶግራፍ ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ዛሬ ሰብሳቢዎች አጥብቀው ከሚፈልጓቸው መካከል የብራውኒ የመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራ ይገኝበታል። የኋላ ክዳኑ እንደ ጫማ ካርቶን የሚገጠም ስለነበር እየወለቀ አስቸገረና ወዲያው ተለወጠ። የልጅ ዕቃ ሆኖ ብዙው ስለተጣለ ያ ባለ 1 ዶላር ካርቶን ዛሬ በቀላሉ አይገኝም።